ሦስት ሽማግሌዎች በበጋ ጎማ

የእህቴ ልጅ ሊያገባት የፈለጋት ልጅ አባት ለሽማግሌ የሰጡን ቀን አንድ ብቻ ነበር፤ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቤታቸው። ሰኞ ወደ አገር ቤት ይሄዳሉ፤ የሚመለሱት ፋሲካን ውለው ነው። የእህቴ ልጅ ደግሞ በረዶ በሚበረታበት ሚኒሶታ ሥራ አግኝቷል፤ የሚጀምረው ከፋሲካ በፊት ነው። ልጅቷ አብራው ለመሄድ ፈቃደኛ ናት፤ ነገር ግን «አባቴ ሳይመርቀኝ ከቨርጂኒያ አልወጣም» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። እንግዲህ ቅዳሜ እሺ ካልተባልን ልጁ ሚኒሶታ ብቻውን ይገባል ማለት ነው።

ሽማግሌ የሆንነው ሦስት ነን። ዋናው የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ በምንኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ ሠርግም ሆነ ለቅሶ ያለ እሳቸው አይጀመርም። ሁለተኛው ሐጂ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ እዚያው አጠገብ ዊተን ውስጥ የቅመም ሱቅ የነበራቸው፣ በሕይወታቸው መሪ ጨብጠው የማያውቁ፣ ግን የሰው አነዳድ በመተቸት የሚታወቁ። ሦስተኛው እኔ ነኝ። የተመረጥኩት በዕድሜም በጨዋነትም አይደለም፤ ጋዜጠኛ ስለሆንኩ «ንግግር ያውቃል» ተብሎ ነው። ሙያዬ መጠየቅ እንጂ መለመን አይደለም ብዬ ነበር፤ የሰማኝ የለም።

በዚያው ሳምንት ለምሠራበት የአማርኛ ሬዲዮ ስለ በረዶና ስለ ጎማ አጭር ዘገባ ሠርቼ ነበር። ጎማ ቤት ድረስ ሄጄ፣ ባለሙያ ጠይቄ፣ ሁለት ጊዜ አረጋግጬ ያቀረብኩት ነው። ኦል ዊል ድራይቭ የሚባለው መኪና የሞተሩን ጉልበት ለአራቱም እግሩ ያካፍላል፤ ስለዚህ በረዶ ላይ ለመነሳት ይረዳል። ለመቆም ግን የሚጨምረው ነገር የለም፤ ማንኛውም መኪና ፍሬን የሚይዘው በአራቱም እግሩ ነውና። ሲታጠፍም መሬቱን የሚጨብጠው ጎማው እንጂ ሞተሩ አይደለም። ጎማ ደግሞ ዓይነት አለው። የበጋ ጎማ ብርድ ሲመታው እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል። የበረዶ ጎማ ግን በብርድም ለስላሳ ነው፤ ጎኑ ላይ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ተስሎበታል። ዘገባው ሦስት ደቂቃ ፈጀ። ሰብሳቢያችን ሰምተውት «ጥሩ ነው፤ ግን አረዘምከው» ብለውኛል።

ትንበያው ቅዳሜ በረዶው ሲመሽ ይጀምራል ብሎ ነበር፤ እሱ ግን ከረፋዱ መጣል ያዘ። ሰባት ሰዓት ላይ በእህቴ አፓርትመንት ፓርኪንግ ተሰበሰብን። ሰብሳቢያችን ትልቅ ጥቁር ኦል ዊላቸውን አሳጥበው መጡ። ለልደታቸው ልጆቻቸው ሰፋፊ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ከነጎማው አስገጥመውላቸዋል፤ መኪናዋ የሙሽራ መኪና መስላለች። እኔ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ አጎነበስኩና የጎማውን ጎን አነበብኩ። ተራራ የለም። የበረዶ ቅንጣትም የለም፤ ለብርድም ይሆናል የሚል ጽሑፍ እንኳ የለም። አራቱንም ዞሬ አየሁ፤ ክሬን አራት ጊዜ አሰርኩ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ የበጋ ጎማ ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ጎማው ምን ያደርጋል? አራቱም ይነዳሉ እኮ!»

«መንዳቱንስ ይነዳሉ። የመቆሙ ነገር ነው…»

እህቴ ከኋላ ጃኬቴን ጎተተችኝ። «አንተ! ሽማግሌ በሚሄድበት ቀን ክፉ ይወራል? አፍህን በመልካም ክፈት!»

ይህ እኛ ቤት የጸና ልማድ ነው። ሽማግሌ ሲወጣ መንገዱ ይመረቃል እንጂ አይመረመርም። ስንት ባለሥልጣን ፊት ጥያቄዬን ሳልጨርስ አልቀመጥም ያልኩ ሰው፣ እህቴ ፊት ዝም አልኩ። በእኔ ትንሽ መኪና እንሂድ ለማለትም ሞክሬ ነበር፤ እሷ ቢያንስ በጋም ክረምትም የሚሆን ጎማ አላት። ሐጂ ከላይ እስከ ታች አዩዋትና «ሽማግሌ እንደ ጃንጥላ ታጥፎ አይሄድም» አሉ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

የእህቴ ልጅ የጠረገውን መስታወት ለሦስተኛ ጊዜ እየጠረገ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ ትደርሳላችሁ?»

«በሰዓቱ ወጥተናል» አልኩት። እውነት ነው፤ ለጥያቄው ግን መልስ አልነበረም።

ቤልትዌይ፣ ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በረዶ የሚያቀልጥ ጨው ተበትኖበት ስለነበር ያለ ችግር ሄድን። ሰብሳቢያችን ቀስ ብለው የሚሄዱትን ትንንሽ መኪኖች ባለፉ ቁጥር ወደ እኔ ዞር ይላሉ። «አየህ? አየህ ጋዜጠኛው?» እኔ መንገዱን እያየሁ ነበር፤ ከሁለታችን አንዳችን ማየት ስለነበረብን። ሐጂ ከኋላ ወንበር ዱዓ ይዘዋል።

«ሐጂ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? መንገዱ ደህና ነው» አሏቸው ሰብሳቢያችን።

«ለመንገዱ አይደለም የምለምነው፤ ለነጂው ነው።»

የወንዙን ድልድይ ተሻግረን ከሃይዌዩ ወጣን፤ አሌክሳንድሪያ የውስጥ መንገድ ላይ ግን ጨው የለም። መብራት ቀይ ሆነ። ሰብሳቢያችን ፍሬን ረገጡ። ጎማዎቹ ቆሙ፤ እኛ ግን መሄዳችንን ቀጠልን። በፍጥነት አልነበረም፤ በሰው እርምጃ፣ ልክ እንደ ታቦት በዝግታና በክብር መስቀለኛውን አቋረጥን። ደግነቱ ማንም አልነበረም።

«ቀይ ነበር» አሉ ሐጂ።

«አይቻለሁ።»

«ካዩት ደህና።»

የልጅቷ አባት ቤት አጭር ግን ቀጥ ያለ ዳገት ጫፍ ላይ ነው። ሰብሳቢያችን ነዳጅ ሰጡ። መኪናዋ አጓርታ እስከ ግማሹ ወጣች፤ ኦል ዊልነቷን እዚያ ድረስ አልካድኩባትም። ግማሹ ላይ አራቱም ጎማ በእኩልነት ዝም ብሎ መሽከርከር ጀመረ። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ቀስ እያልን፣ ፊታችንን ወደ ቤቱ እንዳዞርን ወረድን፤ እጅ ነስቶ የሚሰናበት ሰው ይመስል። የመንገዱ ጠርዝ ያዘን።

እዚያው ተቀምጠን ሳለ አንዲት ያረጀች ትንሽ መኪና ከኋላችን መጣች፤ የፊት እግሯ ብቻ የሚነዳ ዓይነት ናት። ዳገቱን እንደ ድመት ወጣች፤ አጠገባችን ስትደርስም ዳገቱ ወገብ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። መስታወቱ ወረደ። የሆስፒታል ልብስ የለበሰች ወጣት ናት፤ ከሥራ መመለሷ ነው።

ለመጠየቅ የመጣናት ልጅ ራሷ ናት።

በደንቡ በዚያ ቀን ልጅቷ ሽማግሌ አታይም፤ ሽማግሌም እሷን አያይም። ሐጂ ፊታቸውን በሻርፕ ሸፈኑ። ሰብሳቢያችን የሬዲዮኑን ቁልፍ በትኩረት ያጠኑ ጀመር።

«እንደምን ዋላችሁ? ልርዳችሁ?» አለች።

«ደህና ነን ልጄ» አሉ ሰብሳቢያችን ከሬዲዮኑ ሳይነሱ። «ትንሽ አረፍ ብለን ነው።»

ከንፈሯን ነክሳ «እሺ አባባ» አለችና ሽቅብ ነዳች። ስታልፍ የጎማዋን ጎን አየሁ። ተራራው አለ።

እኛ በእግር፣ በጥሩ ጫማችን፣ ሦስታችን ክንድ ለክንድ ተያይዘን ወጣን። አባትየው መስኮት ላይ ቆመው ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ መገመት አልፈለግኩም። ዕድሜያቸውን በጋራዥ የጨረሱ መካኒክ ናቸው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉን።

«ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም» አሉ ሰብሳቢያችን፣ በደንቡ መሠረት። ቆምን። በረዶው ከጫማችን እየቀለጠ ምንጣፉ ላይ ይወርድ ጀመር፤ እናትየው ከእያንዳንዳችን እግር ሥር ፎጣ አነጠፉ።

ንግግሩ የእኔ ነበር። የልጁን ትምህርት፣ ሥራና ጠባይ በቅደም ተከተል አቀረብኩ፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ምስክር ነበረኝ። አባትየው ጸጥ ብለው ሰሙኝ፤ የሥራው ቦታ ላይ ስደርስ ግን ቀና አሉ።

«የት?»

«ሚኒሶታ።»

«ልጄን ሚኒሶታ ሊወስድ በበጋ ጎማ ሽማግሌ ላከብኝ?»

ለዚህ ምስክር አላዘጋጀሁም። ሰብሳቢያችን ገቡበት። «ጌታው፣ መኪናዋ ኦል ዊል ናት። አራቱም ይነዳሉ።»

«በመስኮት አይቻቸዋለሁ። አራቱም ወደ ኋላ ነበር የሚነዱት።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለማንኛውም በመጀመሪያው ቀን ለሽማግሌ መልስ አይሰጥም፤ ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሂዱና ተመለሱ።»

«መቼ?»

«ከአገር ቤት ስመጣ። ከፋሲካ በኋላ።»

ወጣን። እኔ ለእህቴ ልጅ የምነግረውን ዓረፍተ ነገር በልቤ እየጻፍኩ እየሰረዝኩ ነበር። ሰብሳቢያችን መኪናዋን ሊያዞሩ ብቻቸውን ገቡ። መኪናዋ ፊቷን ወደ ቁልቁሉ እንዳዞረች፣ ሞተሯ እየሠራ፣ መሪው ወደ ግራ ተጠምዝዞ፣ እሷ ግን ቀጥ ብላ እስከ ዳገቱ ግርጌ ተንሸራተተችና የተከመረ በረዶ ውስጥ አፍንጫዋን ቀበረች። ለጎታች መኪና ደወልኩ፤ ነገ ካልሆነ አይደርስም አሉኝ። ሰብሳቢያችን ቆባቸውን እያራገፉ ዳገቱን እስኪወጡ ጠበቅን።

ሐጂ ወደ በሩ ዞሩ። «ሰውየው ምን ነበር ያሉን?»

«ሂዱና ተመለሱ።»

«ሄደናል አይደል?» አሉና ደወሉን ተጫኑት።

አባትየው ከፈቱ። «ምነው? ምን ረሳችሁ?»

«ምንም አልረሳንም። ሄድን፤ ተመለስን። ይሄ ሁለተኛው ነው።»

«በአንድ ቅዳሜ?»

«ቀኑን የሚያስረዝምም የሚያሳጥርም አላህ ነው። እኛ በደንቡ መጥተናል።»

አባትየው ሳቃቸውን ለመደበቅ ጢማቸውን ዳሰሱ፤ ሳቁ ግን ሐሳባቸውን አላስቀየረም። እኛም ፎጣዎቻችን ላይ ተመልሰን ቆምን። መኪና የለንም፤ እንግዲህ ሳንቀመጥ ልናድር ነው። ሰብሳቢያችን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አንዱን እግር በሌላው እየለዋወጡ ነው። እናትየው ከወጥ ቤት ብቅ አሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ እነዚህ አባቶች ቆመው ሊያነጉ ነው እኮ!»

«ተቀመጡ ብያለሁ። እምቢ ያሉት እነሱ ናቸው።»

ልጅቷ ደረጃው ላይ ነበረች። እስካሁን ስትሰማ መቆየቷን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም አላየናትም። «ዳድ፣ አይ ካን ድራይቭ ዘም ሆም» አለች፤ እኔ ቤታቸው ላድርሳቸው ማለቷ ነው።

አባትየው ደነገጡ። «አንቺ? እሺ ሳልል ሽማግሌዎቿን ጭና አደረሰች ይበሉን? አገር ምን ይላል?»

«እሺ ካሉ በኋላ ብታደርሰንስ?» አሉ ሐጂ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ዓይነት።

«ምን?»

«እሺ ካሉ በኋላ ብታደርሰን፣ አገር ምን ይላል?»

«ያኔማ ምን ይላል? ዘመዶቿን አደረሰች ይላል እንጂ።»

የተናገሩት ለራሳቸው ጆሮ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ከእኔ ፎጣ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም፤ እሱም ውኃ እየጠጣ ነው። አባትየው ወደ መስኮቱ ሄደው፣ ዳገቱ ግርጌ የተቀበረችውን መኪና ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እዚያ ሚኒሶታ ማን ነው የሚነዳው?»

«እኔ» አለች፤ አሁን በአማርኛ።

«ጎማውንስ ማን ነው የሚመርጠው?»

«እኔ።»

«እሱ አራቱም ይነዳሉ ቢልሽስ?»

«አባዬ፣ ባለፈው ሳምንት ብሎኝ ነበር። ነግሬዋለሁ።»

አባትየው ወደ እኛ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ ነው ብል እዋሻለሁ፤ አንድ አባት ልጁ ከቤት እንደምትወጣ ያወቀባት ደቂቃ ነበረች። «ተቀመጡ» አሉን፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «እሺ ብያለሁ። ተቀመጡ።»

ተቀመጥን። ምርቃቱን ሰብሳቢያችን ጀመሩ፣ ሐጂ ጨረሱ፤ አሚን ያልነውን አልቆጠርኩትም። በላን። አባትየው «የመኪናዋን ቁልፍ ተዉልኝ፤ ሰኞ ሳልሄድ ነገ አስወጣታለሁ» አሉ። ሰብሳቢያችን ያለ ክርክር አስረከቡ።

ሊመሽ ሲል ልጅቷ ይዛን ወጣች። ሰብሳቢያችን ከፊት፣ እኔና ሐጂ ከኋላ። ዳገቱ ግርጌ የማቆሚያ ምልክት አለ፤ ፍሬኑን ቀስ አድርጋ ነካችው፤ መኪናዋ ምልክቱ ጋ ቆመች። ሰብሳቢያችን ግን ሁለት እግራቸውን ወደ ፊት ወትረው፣ ሌላ ፍሬን ያለ ይመስል ወለሉን እየረገጡ ነበር።

«ልጄ፣ ይቺ ኦል ዊል ናት?»

«አይደለችም አባባ። የፊቷ ብቻ ነው።»

እስከ ድልድዩ ድረስ ወለሉን ደግመው አልረገጡም።

ድልድዩ ላይ ስልኬ ጠራ። የእህቴ ልጅ ነው። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«ጋሼ፣ ምን አሉ?»

እንዲህ ያለ ነገር ከሥሩ መነገር አለበት። «ቆይ፣ በቅደም ተከተል ልንገርህ» አልኩት። «መጀመሪያ ቤልትዌይ ላይ…»

«እሺ ብሏል!» አለች ልጅቷ ከመሪው።

ከስልኩ ወዲያ እህቴ እልልታውን አቀለጠችው፤ ሐጂ ጆሯቸውን ያዙ። ልጅቷ ድልድዩን ጨርሳ፣ ምልክት አሳይታ፣ ዳር ይዛ መኪናዋን አቆመችና ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ሶሪ አባባ፣ አንድ ደቂቃ።»

«ሁለት ውሰጂ» አሉ ሐጂ።