ያለ ቀኑ የከፈትኩት ጋን

ባለፈው ወር ልጄ ባሕር ዳር ውስጥ ቢራውን ራሱ ጠምቆ ወደሚሸጥ አንድ ቤት ወሰደኝ። እኔ ቢራ ማለት ቀዝቅዞ የሚመጣ፣ ከምግብ ጋር የሚጠጣ፣ ብዙም የማይወራለት ነገር ነው ብዬ ነው የኖርኩት። እዚያ ግን አምስት ስድስት ወጣቶች ጠረጴዛ ከበው ብርጭቆ ይቀባበላሉ፤ ያሸታሉ፤ ወደ ብርሃን አንሥተው ያያሉ፤ "ይኼን ሳትቀምስ እንዳትሄድ" ይባባላሉ። አንደኛው ከጥቁሩ ጎንጨት አለና ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ልጄ የተገረምኩ መስሎት፣ ሰዎቹ የሚፈልጉት ጣዕሙን እንጂ ስካሩን እንዳልሆነ ቀስ ብሎ ሊያስረዳኝ ሞከረ። ለማን እንደሚነግር አላወቀም።

እሱ ሳይወለድ፣ ደርግ በወደቀ በሦስተኛው በአራተኛው ዓመት ገደማ፣ እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ በዚሁ ሥራ የታወቅሁ ሰው ነበርኩ። ቢራ አልነበረም፤ ጠላ ነው።

ደብረ ታቦር የደረስኩት በክረምት መውጫ ላይ፣ የሒሳብ መምህር ሆኜ ተመድቤ ነው። ከወረታ ሽቅብ የሚወጣው የጠጠር መንገድ ሲያንገላታኝ ውሎ፣ ከአውቶቡሱ ስወርድ ብርዱ ጆሮዬን ያዘኝ። የተከራየሁት ክፍል እትየ ስመኝ ግቢ ውስጥ ነበር። እትየ ስመኝ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ፣ ጠላ እየሸጡ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። ረዘም ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የማይናገሩ። በጠላ ያደግሁ ልጅ ነኝና ጠላ አውቃለሁ ብዬ ነበር የማስበው። የእሳቸውን ከቀመስኩ በኋላ እስከዚያ ድረስ የጠጣሁት ሁሉ ውኃ እንደነበር ገባኝ።

አዲስ ጋን በከፈቱ ቁጥር፣ ለማንም ሳይቀዱ በፊት፣ እኔን ከክፍሌ ይጠሩኛል። "ና እስቲ ቅመስልኝ፤ ምን ጎደለው?" ይላሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ "ጥሩ ነው" እል ነበር። ይህ አያስደስታቸውም፤ "ጥሩነቱንማ እኔም አውቃለሁ፤ የጎደለውን ንገረኝ እንጂ" ይሉኛል። ቀስ በቀስ ምላሴ ተገራ። ወይራው በዝቷል፣ ጌሾው ቀድሟል፣ አሻሮው ሲቆላ ትንሽ አርሯል ማለት ጀመርኩ። ያልኩትን ሰምተው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ የሚቀጥለው ጋን ላይ ያ ጉድለት አይኖርም። በሃያ አምስት ዓመቴ፣ እናቴን የሚያህሉ ሴት በእጃቸው ሥራ ላይ ፍርድ ሲጠይቁኝ ምን ያህል ከፍ ከፍ እንደምል ልነግራችሁ አልችልም። በትምህርት ቤት ርእሰ መምህሩ እንኳ ምን ታስባለህ ብሎኝ አያውቅም።

ሦስት ነበርን። አንዱ አስማረ ነው፤ የይፋግ ልጅ፣ የታሪክ መምህር፣ ክርክር ከእህል ውኃ የሚበልጥበት ሰው። ሌላው ሰይድ ነው፤ ገበያው ዳር ሱቅ ያለው የእህል ነጋዴ። ሰይድ ሙስሊም ነውና ጠላ አይቀምስም። ከእኛ ጋር የሚዞረው ለጨዋታውና ለገብሱ ነው። የማያሰክረው ቀሪቦ ካለ ይቀዳለታል፤ ከሌለ ቆሎውን ይቆረጥማል። የተሰጣ ብቅል ካየ አንዲት ፍሬ አንሥቶ በጥርሱ ሰበር ያደርግና የጉና ተራራ ይሁን የቆላው ወገን ይናገራል። ሲሳሳት አይቼ አላውቅም፤ ቢሳሳትም ከመካከላችን የሚያርመው አልነበረም።

ቅዳሜ ቅዳሜ በየተራ አንድ ጠላ ቤት እንመርጥ ነበር። ደንባችን አንድ ነው፦ የመረጠው ሰው፣ ሌሎቹ የመጀመሪያውን ጣሳ እስኪጨርሱ አይናገርም፤ ፊቱንም አያጠቁርም፣ አያፈካም። ከዚያ ፍርድ ይሰጣል። እንዲህ እያልን ከተማውን አዳረስነው። ሰዎች መንገድ ላይ አስቁመው "በዚህ ሳምንት የማን ቤት ነው?" ብለው ይጠይቁን ነበር። ያመሰገንነው ቤት ሰው ይሞላል፤ ዝም ያልነው ቤት ባለቤት ለሳምንት ትገላምጠናለች።

በመጣሁ በዓመቱ፣ በመስከረም፣ አስማረ በጭነት መኪና ይፋግ ድረስ ወሰደን። አደይ አበባው ገና ከሜዳው አልጠፋም፤ በየደጁ እሸት ይጠበስ ነበር። የአክስቱ ጠላ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያስቅ አልነበረም። ጥርት ያለ፣ ከምላስ ላይ ቶሎ የማይጠፋ። አስማረ ደንቡን ጠብቆ ዝም አለ፤ ስንመለስ ግን ዘመንን ከይፋግ ጠላ ወዲህ ብሎ የሚቆጥር ሰው ሆነ። ወር ሙሉ አላስወጣን አላስገባን አለ። ተራው የእኔ ሲደርስ ሳምንቱን ሙሉ አፌን ሞልቼ ፎከርኩ። ከእትየ ስመኝ ወዲያ ጠላ የለም፤ ቅዳሜ ታያላችሁ አልኩ።

ያ ቅዳሜ ጥቅምት አጋማሽ አልፎ ነበር። ሁለቱን ይዤ ስመጣ እትየ ስመኝ የሉም፤ ጎረቤት ቀበሌ ልቅሶ ሄደዋል። የጓዳቸውን ቁልፍ ለእኔ ነበር የሚተዉልኝ። ገብቼ ሳይ የሚሸጡበት ጋን አልቆ፣ ታጥቦ፣ ተደፍቷል። የቀረው ትልቁ ጋን ብቻ ነው። አፉ በጭቃ ተመርጓል።

ያ ጋን የማን እንደሆነ አውቃለሁ። አላወቅሁም ብል ይቀለኝ ነበር። የሚቀጥለው ቅዳሜ የጥቅምት መድኃኔ ዓለም ነው፤ በዓመት አንዴ የሚደርሳቸው የማኅበር ተራቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማኅበሩን ብቻቸውን ሲያበሉ የመጀመሪያቸው ነው፤ የእሱን ወንበር እንዳላስነቅፍ ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ገብሱን ሰይድ ከጉና አስመጥቶ፣ እሳቸው ፍሬ በፍሬ ለቅመው፣ ጋኑን ሁለት ጊዜ በወይራ አጥነው የጠመቁት ነው። የመረጉት ቀን "እስከ ቀኑ ትንፋሽ እንዳያገኘው፤ ካገኘው ይሆመጥጣል" ብለውኝ ነበር።

ወጥቼ "ጠላው አልቋል" ብል ምንም አልሆንም። ግን አስማረ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን አጣምሮ፣ ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል። ከዚያ ሁሉ ጋን አንድ ማንቆርቆሪያ ቢወጣ ምን ይሆናል አልኩ። ጭቃውን በቢላዋ ፈለቀቅሁት።

ሰይድ ገባ ብሎ አየኝ። "ያ የማኅበሩ አይደለም?" አለ። አንድ ማንቆርቆሪያ ብቻ ነው አልኩት። ወጥቶ ቆሎውንም ሳይነካ ወደ ሱቁ ሄደ።

ጠላው ገና አልደረሰም ነበር። ግን ሊሆን የሚችለው ነገር ሁሉ ከውስጡ ይታወቃል፤ የወይራው ጭስ ከኋላ፣ የገብሱ ጣፋጭ ከፊት፣ ጌሾው መሐል ላይ ቀጥ ብሎ። አስማረ ጣሳውን ጨረሰና መሬት መሬት አየ። ከዚያ፣ ይፋግ ተሸነፈ አለ፤ እየመረረውም ቢሆን አለው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። እሱን ሸኝቼ ጓሮ ጭቃ አቦካሁ፤ ጋኑን መልሼ መረግሁት። እጄን ታጥቤ፣ ቁልፉን ቦታው አስቀምጬ፣ የተማሪ ደብተር ማረም ጀመርኩ።

ሰኞ ሰይድ ሱቁ ደጃፍ ላይ አስቆመኝ። "ነገርካቸው?"

"ዛሬ እነግራቸዋለሁ።"

"ዛሬ ብትነግራቸው አምስት ቀን አላቸው" አለኝ። "ገብስ ከፈለጉ እኔ አለሁ። እህታቸውም ጋሳይ አሉ፤ ጠላ አይጠፋም። ነገ ካልክ ግን ቀኑ ያጥርባቸዋል።"

የሒሳብ መምህሩ እኔ ነኝ፤ የሚቆጥርልኝ ሰይድ። ማታ ማታ እትየ ስመኝ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጌሾ ሲቀነጥሱ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ስለ ብርዱ እናወራለን፤ ስለ ድንቹ፣ ስለ ልጆቻቸው። ስለ ጋኑ ግን አላነሣም። ምናልባት ምንም አልሆነ ይሆናል እላለሁ። ረቡዕ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ጓዳ ገብቼ አፍንጫዬን ወደ ምርጊቱ አስጠጋሁ። የሆምጣጤ ሽታ በስንጥቁ ወጣ። ያንን ሽታ ለማወቅ እኔን ያህል የሠለጠነ አፍንጫ አያስፈልግም ነበር። ያኔም አልተናገርኩም። ጋኑን መክፈቴን ዛሬ እንደ ልጅነት እቆጥረዋለሁ። ያን ሳምንት ዝም ማለቴ ግን ልጅነት አልነበረም፤ ፈሪነት ነው።

ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ድፎው ተቆረሰ፤ ካህኑ ጸለዩ። እኔ የቤት ልጅ ነኝ ተብዬ ከበሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። እትየ ስመኝ ነጭ ለብሰው፣ ማንቆርቆሪያውን ይዘው ከጓዳ ወጡ። እንደ ወጉ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱና ለካህኑ ቀዱ። ካህኑ ጠጡ። ፊታቸው አልተለወጠም። "የቀደሙትን ነፍስ ይማር፤ ቤትሽ አይጉደል" አሉ። ሌላው ጠጣ፤ ሌላው ጠጣ።

እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት "ልጄ፣ አንተ ቅመስና ንገረን። ምን ጎደለው?" አሉኝ።

ቀመስኩ። አልሆመጠጠም። ግን ጭሱ የለም፤ ጌሾው በርትቷል፤ ገብሱም ያ ገብስ አይደለም። እንቁጣጣሽ ዕለት ጋሳይ ይዘውኝ ሄደው የቀመስኩት የእህታቸው ጠላ ነበር። የእሳቸው እጅ አልነበረበትም። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ያን ጊዜ እንደሚያውቁ አወቅሁ፤ ማወቄንም እንዳወቁ አወቅሁ። ክፍሉ ውስጥ ይህን መለየት የሚችል ምላስ የነበረው እሳቸው ጋና እኔ ጋ ብቻ ነው። የእኔን ደግሞ ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው።

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። ሰው ፊት መናዘዝ እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ "ይህ የእርስዎ አይደለም" ብል ይበቃ ነበር።

"ምንም አልጎደለውም" አልኩ። "እንደ ሁልጊዜው ነው። እጅዎ አይለወጥም።"

ማኅበርተኛው ሳቀ፤ አዋቂው ከመሰከረማ አለ። እትየ ስመኝም "እግዜር ይስጥልኝ" አሉና ወደሚቀጥለው ሰው ተሻገሩ።

ከዚያ በኋላ አልተኮሳተሩብኝም። ሰላምታቸው ያው ነው፤ ሲያመኝ አጥሚት ያመጡልኛል፤ በዓል ሲሆን ያለ እኔ ማዕድ አይቆረስም። ጠላም ይቀዱልኛል። ግን አዲስ ጋን ሲከፍቱ እኔን መጥራት ተዉ። ክፍሌ ሆኜ ምርጊቱ ሲፈለቀቅ እሰማለሁ፤ ቅሉ ጋኑ ውስጥ ሲገባ እሰማለሁ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ እጠብቃለሁ። አይጠሩኝም። የሚቀምስላቸው ሌላ ሰውም አላበጁም። ጠላው ሲሸጥ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ገብቼ እጠጣለሁ፤ ወይራው ሲበዛ አውቃለሁ፤ ግን ማን ጠየቀኝ?

የእኛም ዙረት ላላ። አስማረ አግብቶ ወደ አገሩ ተዛወረ። እኔም በሁለተኛው ዓመት ወደ ባሕር ዳር የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። የምሄድበት ጠዋት ጉና ጭጋግ ለብሶ ነበር። እትየ ስመኝ ለመንገድ ቆሎና ዳቦ ቋጥረው እስከ በሩ ሸኙኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ስነሣ ትከሻዬን ያዝ አደረጉ።

"ማክሰኞ ነው ያየሁት" አሉ። "ምርጊቱ ላይ የኔ ጣት አልነበረበትም። የእህቴን ጠላ ሐሙስ አስመጣሁ፤ አንተን ግን እስከ ቅዳሜ ጠበቅሁህ።"

መኪናው እንዳያመልጠኝ ብለው አቻኮሉኝ፤ ከኋላዬ በሩን ገርበብ አደረጉት። እስከ ሐሙሲት ከተማ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ሄድኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ስደብቀው የኖርኩትን ነገር እሳቸው ሲደብቁልኝ ነበር የኖሩት። ደብዳቤ እጽፋለሁ አልኩ። ለክረምት እሄዳለሁ አልኩ። የሚያረሳሳ ነገር አይጠፋም፤ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅ። ከዓመታት በኋላ ሰይድ ለንግድ ባሕር ዳር መጥቶ ሲያገኘኝ ሻይ ሳናዝዝ መሞታቸውን ነገረኝ። ከተቀበሩ አርባቸው አልፎ ነበር። ነገርካቸው ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።

ልጄና ጓደኞቹ ያን ዕለት እስኪመሽ ብርጭቆ ሲቀባበሉ፣ ሲከራከሩ፣ ሲሳሳቁ ተቀምጬ አየኋቸው። ደስ ይላሉ። ያስቀመሱኝም ቢራ መጥፎ አልነበረም። ግን እንዲህ ያለ ነገር በቀመስኩ ቁጥር የሚናፍቀኝ ጠላው አይመስለኝም። ያ ብርዳማ ግቢ ይናፍቀኛል፤ የቅዳሜ ጠዋቱ ጸጥታ፤ ከጓዳው በር ላይ በስሜ የሚጠራኝ ድምፅ። ብዙ ሰው ብዙ ነገር አምኖ ሰጥቶኛል፤ ወንበርም፣ ማኅተምም ይዤ አውቃለሁ። እንደ እትየ ስመኝ ግን የእጁን ጉድለት እንድነግረው የለመነኝ የለም። የራሴን ጉድለት እንድነግረውም የጠበቀኝ የለም።

ዛሬ ቢጠሩኝ፣ ሳልቀምስ እናገር ነበር።