ለመስቀል የምንገዛው ሰንጢ

የስፌት መኪና ዘይት ሽታ የሚወድ ሰው ብዙ አይኖርም። እኔ ግን ባለፈው ቅዳሜ ወደ ቤት ስመለስ፣ ጀሞ ያለው የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ያ ሽታ ሲደርስብኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። የሚመጣው ከኛ ቤት ነበር። ከጥር ወዲህ ጨርቅ ለብሶ ጥግ የተቀመጠው የእማዬ የስፌት መኪና ተገልጦ፣ ተወልውሎ፣ ዘይት ጠጥቶ እንደ ድሮው ይንጣጣል። እማዬ ቀና ብላ አላየችኝም። ከመርፌው ሥር የያዘችው፣ ወንድሜ ሳህሌ ሰንጢዎቹን የሚጠቀልልበትን ያንን ግራጫ ወፍራም ጨርቅ ነበር፤ ጫፉ ላይ አዲስ ኪስ እየሰፋችበት ነው።

«ሰፋ አድርጌዋለሁ» አለችኝ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ትልቅም ብታገኝ ይገባል።»

ጨርቁን አጣጥፋ አስቀመጠችው። እኔ ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ።

ሳህሌ ታላቅ ወንድሜ ነው። «ነበር» ማለት እስካሁን አፌ ላይ አይመጣልኝም። ባለፈው ጥር ለአጭር ጊዜ ታሞ አረፈ። ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሰው ሱቅ ተቀጥሮ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ ከሥራው ጋርም፣ ከኑሯችን ጋርም ምንም የማይገናኝ አንድ ፍቅር ነበረው። ትልልቅ ሰንጢ ይሰበስባል። ከቁልፍ ጋር የምትንጠለጠለዋን ትንሿን አይደለም፤ ሲታጠፍ መዳፍ የሚሞላውን፣ ሲዘረጋ ደግሞ አጠገብ ያለውን ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የሚያስኬደውን ዓይነት ነው። በየዓመቱ መስቀል ሊገባ ሲል አንድ ይገዛል። ሁለት አይገዛም። ከመግዛቱ በፊት ደግሞ እማዬ ለሚመጣው ሰንጢ ኪስ ትሰፋለታለች፤ እያጉረመረመች ነው የምትሰፋው። «ቤቴን ሉካንዳ አደረገው» ትላለች ለሰማት ሁሉ፣ «ሽንኩርት እንኳን ከትፎልኝ የማያውቅ ሰውዬ!» እውነቷን ነው። ግን ኪሱ አንዴ ከተሰፋ ሰንጢው መገዛት አለበት፤ መስቀል ባዶ ኪስ ይዞ አይገባም። የቤታችን ደንብ ይህ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ የምገዛው እኔ ነኝ ማለት ነው። ብቻዬን ገዝቼ አላውቅም።

ያን ዕለት ሽታው ደረጃው ላይ ያቆመኝ የሳህሌም ሽታ ስለነበረ ይመስለኛል። ሳህሌ የዘይቱን ጠርሙስ ከእማዬ ስፌት መኪና መሳቢያ ይሰርቅና በረንዳ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ፣ ሰንጢዎቹን እያወጣ መገጣጠሚያቸው ላይ ጠብ ጠብ ያደርግባቸዋል፤ ከዚያ ዘይቱ ውስጥ ውስጡን እንዲሄድ ይከፍታል ይዘጋል፣ ይከፍታል ይዘጋል፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከታችኛው ፎቅ እትዬ ዘነበች ራሳቸውን አውጥተው «አንተ ሳህሌ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታርድ ነው?» ብለው እስኪጮኹ ድረስ። እሱም ተንጠራርቶ «ብርቱካን ነው እትዬ፣ ብርቱካን!» ይላቸዋል። በእውነትም ብርቱካን ይልጥልኝ ነበር። በሬ በሚበልት ስለት ብርቱካን ሲላጥ ያላየ ሰው ብዙ ነገር ቀርቶበታል፤ ግማሹ ከልጣጩ ጋር ይሄዳል፣ የተረፈው አራት ማዕዘን ሆኖ ይወጣል፣ ያንን አራት ማዕዘን ብርቱካን ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ ጭማቂው እስከ ክርኔ እየወረደ ስበላ በብሎኩ ውስጥ ከኔ በላይ የታደለ ልጅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

የመግዣው ቀን ሲደርስ ከጀሞ በታክሲ ኃይሌ ጋርመንት እንወርድና፣ አመሻሽ ላይ አስፋልቱ ዳር ላስቲክ ዘርግተው ጓጉንቸር ቁልፍ፣ መፍቻ፣ የእጅ ባትሪ፣ መቀስ ከሚሸጡት መካከል ወደ ደንበኛችን ወደ ጀማል እንሄዳለን። አመራረጣችን እንዲህ ነው። ሳንነጋገር እያንዳንዳችን አንድ አንድ እናነሳለን። ያነሳነውን ላስቲኩ ላይ እናስቀምጣለን፤ በኛ ቤት ስለት ያለው ነገር እጅ ለእጅ አይሰጥም፣ ያጣላል ይባላል። መሬት ላይ መቀመጡ ግን እኔንና ሳህሌን ከመጣላት አላዳነንም። እሱ የኔን ያነሳል፣ እኔ የሱን አነሳለሁ፣ ከዚያ አንዱ የሌላውን ምርጫ ያዋርዳል፣ ተከራክሮ ያሸነፈው ይገዛል።

ሳህሌ ቁጢጥ ብሎ የኔን ሰንጢ ጆሮው ሥር ይከፍተዋል። ዓይኑን ይጨፍናል። እንደገና ይከፍተዋል።

«ይሄ ሰንጢ ሳል ይዞታል» ይላል። «ሐኪም ሳያየው እማዬ ቤት አይገባም።»

«ያንተስ? ሲከፈት የሚያዛጋ ነው የሚመስለው!»

«ያዛጋል እንጂ አይዋሽም። ያንተ ንስር ተስሎበታል፣ ንስሩ ደግሞ ዶሮ ነው የሚመስለው። ጀማል፣ ይሄ ንስር ነው ዶሮ?»

ጀማል ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ «እናንተ ሰዎች፣ ልትገዙ ነው የመጣችሁት ወይስ ችሎት ላይ ናችሁ?» ይላል። «የዕቃዬን ስም አጠፋችሁት እኮ! የሚገዛኝ ሰው ሰምቷችሁ እየሄደ ነው።»

ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የምሸነፈው እኔ ነበርኩ። እኔ የሚያብረቀርቅ፣ ትልቅ፣ ሥዕል ያለበት ነገር እወዳለሁ። እሱ ደግሞ ቀጠን ያለ ስለት፣ የእንጨት እጀታ፣ ዝም ያለ ሰንጢ። «አንተ ማሙሽ፣ ያበጠ ነገር ነው የምትወደው» ይለኛል። ቁመቴ ከሱ ካለፈ በኋላም ማሙሽ ነበርኩ። አንድ ነገር ግን አይወድልኝም፤ ስልችት ሲለኝ «እሺ ያንተ ይሁን» ካልኩት ሰንጢውን መልሶ ያስቀምጠዋል። «ዝም ብለህ አትሸነፍልኝ። ተከራከር እንጂ!» ይላል፣ እስክከራከር ድረስም ከዚያ ላስቲክ አይነሳም።

እሱ ራሱ አንድ ጊዜ ተሳስቷል። ያን ጊዜ ክርክሩን ያሸነፈው የሱ ምርጫ፣ አንድ ባለ ቀንድ እጀታ ሰንጢ ነበር፤ የሚያምር ነበር፣ አልክድም፤ እጀታው ማር የመሰለ፣ ስለቱ ሲዘረጋ ከሳህሌ ክርን እስከ እጁ አንጓ የሚደርስ። መስቀል ላይ አገር ቤት ያልሄድን ዘመዶች ላፍቶ፣ አጎታችን ጋሽ ወልዴ ግቢ ተሰብስበን በቅርጫ በሬ እናርዳለን፤ ሥጋው ኮባ ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይከፈላል፣ ለመክፈሉም እያንዳንዱ ወንድ የራሱን ቢላ ይዞ ይመጣል። ሳህሌ ያንን ሰንጢ ከኪሱ አውጥቶ ቀጭ ሲያደርገው ግቢው ሁሉ ወደሱ ዞረ። ከዚያ ጋሽ ወልዴ «ምንድነው ይሄ የሚታጠፈው? ቢላ ነው ጃንጥላ?» አሉ፣ ሳቁ እስከ ጎረቤት ተሰማ። ሳህሌ ሻኛውን ይዞ እንደ ቅቤ ሲቆርጠው ግን ሳቁ ቀነሰ፤ ጎድኑ ጋ ሲደርስ ጋሽ ወልዴ ራሳቸው «እስቲ አሳየኝ» ብለው ጎንበስ አሉ። እኔ ከደስታ ብዛት መሬት የነካሁ አይመስለኝም።

ዕጣው ወጥቶ ድርሻችንን በፌስታል ይዘን ልንሄድ ስንል ሰንጢው አልታጠፍም አለ። ሞራው መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ፣ በዚያ የመስከረም ብርድ ረግቶ፣ እንደ ሲሚንቶ ይዞታል። ሳህሌ ገፋው፣ ታገለው፣ ለመነው። ምንም። እንደተዘረጋ ኮባ ቅጠል ጠቅልሎለት ታክሲ ጋ ሄድን፤ የስለቱ ጫፍ ግን ቅጠሉን በስቶ ወጥቶ ነበርና ረዳቱ በሩ ላይ ክንዱን ዘርግቶ አገደን።

«ወንድሜ፣ አንተ ግባ፣ ልጁም ይግባ፣ ሥጋውም ይግባ። ጎራዴው በእግሩ ይምጣ!»

ታክሲው ሙሉ ሰው ሳቀ። የሚቀጥለውም፣ ከሱ የሚቀጥለውም አልጫነንም። ከላፍቶ እስከ ጀሞ በእግራችን ሄድን፤ ሳህሌ ሰንጢውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ከፊት፣ እኔ ፌስታሉን ይዤ ከኋላ። መንገደኛው ገለል ይልልናል። አንድ ሰውዬ አስቁሞን «ሥጋው ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀን፤ ሳህሌም ሰንጢው ሳይታጠፍ እንደማይሸጥ በከባድ ፊት ነገረው፣ ሰውዬው ገብቶኛል በሚል ዓይነት ራሱን ነቅንቆ ሄደ፣ እኛ ደግሞ አጥር ተደግፈን እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ቤት ስንደርስ እማዬ ማንቆርቆሪያውን አንስታ የፈላ ውኃ መገጣጠሚያው ላይ አፈሰሰችበት። ቀጭ አለና ታጠፈ። «ሂድና እጅህን ታጠብ» አለችው። ከዚያ በኋላ ሳህሌ ሰንጢ ሲመርጥ መገጣጠሚያውን ወደ ሰማይ አንስቶ ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ ሳያይ ገዝቶ አያውቅም።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ያወለቅሁትን ጫማ መልሼ አደረግሁና ወጣሁ። ኃይሌ ጋርመንት ስደርስ ጀማል ከሩቅ አየኝ።

«ዛሬ ብቻህን? ያ ዳኛ የት ሄደ?»

ነገርኩት። እንዴት ብዬ እንደነገርኩት አላስታውስም፣ ረጅም አልነበረም። ጀማል ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «አላህ ያጽናችሁ» አለ። ከዚያ ላስቲኩን በእጁ እየጠራረገ፣ «ታዲያ ዕቃዬን ማን ሊያዋርድልኝ ነው?» አለኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን፣ ሳቃችንም ደህና ሳቅ ነበር።

ቁጢጥ አልኩ። ወዲያው ሁለት ሰንጢ ታየኝ። አንዱ ቀጠን ያለ፣ የወይራ እጀታ ያለው፣ ዝም ያለ። ሳህሌ ቢኖር እጁ በቀጥታ የሚሄደው ወደሱ ነበር፤ ይህን ለማወቅ ማሰብም አላስፈለገኝም። ሌላው ስለቱ ሰፊ፣ እጀታው ወፍራም፣ ቀለሙ ደማቅ ብርቱካን፣ ከመንገዱ ማዶ የሚታይ ዓይነት። ወደድኩት። ምን ላድርግ፣ ወደድኩት።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ባለ ወይራውን ገዝቼ ብሄድ ማንም አይወቅሰኝም፣ እማዬም ዓይኗ እንባ ሞልቶ ኪሱ ውስጥ ትከተው ነበር። ግን ዘንድሮ እንዲህ ካደረግሁ በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዚያ በኋላም፣ ወንድሜን እየገመትኩ መግዛቴ ነው። ሳህሌ ደግሞ ዝም ብዬ ስሸነፍ አይወድልኝም ነበር። ባለ ብርቱካኑን አነሳሁ። ጆሮዬ ሥር ከፈትኩት፣ አላሳለም። ወደ ሰማይ አነሳሁት፣ በመገጣጠሚያው ውስጥ የመንገዱን መብራት አየሁ።

«ይሄንን?» አለ ጀማል። «እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩትና ብሩን ቆጠርኩለት።

ወደ ጀሞ በሚመለሰው ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጬ ለሳህሌ የምመልሰውን ሁሉ አዘጋጀሁ። አብጧል ካለኝ፣ ሚዛኑ አንድ ጣት ላይ ሲቀመጥ እንደማይዘነበል። ይጮኻል ካለኝ፣ የሚጮኸው ቀለሙ እንጂ ብረቱ እንዳልሆነ። አንዱን ካነሳብኝ አንዱን ስጥልበት፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነበር መሰለኝ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

እማዬ ምድጃው ላይ ጎመን ጥዳ ነበር። ሰንጢውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና አንስታ፣ አንድም ቀን ሰንጢ ስትከፍት አይቻት የማላውቀው ሴትዮ፣ በአውራ ጣቷ ብቻ ቀጭ አደረገችው።

«ይሄ እጀታ ምነው? ትራፊክ ፖሊስ ነው እንዴ የመረጠልህ?»

«ቢወድቅ ቶሎ እንዲገኝ ነው፣ እማዬ።»

«ለምን ይወድቃል? እጅ የለህም? ደግሞ ወፍራም ነው።»

«መዳፍ ይሞላል።»

«የማንን መዳፍ? የበሬውን?»

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ ከጥር ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው። ክርክር ግን አትችልበትም። ከእጀታው ተነስታ ወደ ጸጉሬ መርዘም ሄደች፣ ከጸጉሬ አምሽቼ ወደ መግባቴ፣ ከዚያ ተመልሳ ወደ ቀለሙ፣ እኔም በሁሉም ቦታ እየተከተልኩ መለስኩላት፣ ጎመኑ ማረር እስኪጀምር ድረስ። ስለ ሚዛኑ አልጠየቀችኝም። ስለ ብረቱም አላነሳችም። ታክሲ ውስጥ ያዘጋጀሁት መልስ ጥሩ መልስ ነበር፣ ሳህሌን ያሸንፈው ነበር ብዬ አምናለሁ። ሳልናገረው እራት ቀረበ።