የቲቸር ትንፋሽ የሙዚቃ ክፍል

ልጆቹ «ቲቸር ትንፋሽ» ይሏት ነበር። ሙዚቃ ስታስተምር «መጀመሪያ ትንፋሽ» ሳትል ማንንም አታዘፍንም፤ ስሙም ከዚያ ወጣላት። አልከፋትም። ቤቷ ውስጥ ስሟን የሚጠራ ሰው ስላልነበረ፣ ቅጽል ስምም ቢሆን ሲጠሯት ደስ ይላት ነበር።

አላገባችም፣ አልወለደችም። ከአባቷ የወረሰችው ፒያኖ የተከራየችውን ክፍል እኩሌታ ይዞታል። አከራይዋ «አንቺ እኮ ያገባሽው ፒያኖ ነው፤ እሱም ወፍራም ነው፣ አልጋሽን ሊቀማሽ ደርሷል» እያለች ትቀልድባታለች። አብራት ትስቃለች። አከራይዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ስትወጣ ግን ሳቋ ብዙም አይቆይም።

አንድ ዓመት ክፍሏ ውስጥ ተብታባ ልጅ ገባች። ስሟን ስትጠየቅ እንኳ የመጀመሪያው ፊደል ላይ ተይዛ ትቀራለች፤ ልጆቹ ይስቃሉ፣ እሷ አንገቷን ትደፋለች። አንዳንድ አስተማሪዎች ሰነፍ ናት ብለው ትተዋታል። ቲቸር ትንፋሽ ግን አንድ ቀን ልጆቹን እያዘፈነች ሳለ ከኋላ ወንበር ጥርት ያለ ድምፅ ሰማች። ዞር ስትል ያቺው ልጅ ናት። ስትዘፍን አትንተባተብም።

ደወል ሲደወል አስቀረቻት። «ነገ የምታነቢውን ምንባብ እስኪ በዜማ በይልኝ።»

«ይ... ይ... ይስቁብኛል» አለች ልጅቷ።

«እዚህ ማን አለ? እኔና ይሄ አሮጌ ኦርጋን ነን። እሱ እንደሆነ ራሱ ጥርሱ የረገፈ ነው፣ አይስቅብሽም።»

ልጅቷ ፈገግ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት በኋላ ሁለቱ ይቀሩ ጀመር። መጀመሪያ ምንባቡን በዜማ፣ ሲቆይ በግማሽ ዜማ፣ በኋላም በእግር ምት ብቻ። ልጅቷ ጨርሳ አልዳነችም። ቃል ሲያንቃት ግን ቆም ብላ፣ አየር ስባ፣ በጫማዋ ጫፍ ወለሉን መታ አድርጋ መቀጠል ቻለች። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ክፍሉ ፊት ቆማ አነበበች፤ ማንም አልሳቀም።

ቲቸር ትንፋሽ ዘፋኝ ትሆናለች ብላ ተስፋ ጥላባት ነበር። ልጅቷ ግን ትምህርቷን ጨርሳ ሄደች፣ በዚያው ጠፋች። ሌሎቹም እንደዚያው። አንዱ ሹፌር፣ አንዷ ልብስ ሰፊ ሆነው መንገድ ላይ ሰላም ይሏታል፤ ሙዚቃ የያዘ ግን አንድም የለም። «ታዲያ እኔ ምን ስሠራ ኖርኩ?» የሚል ሐሳብ ያብሰለስላታል፤ የምታዋየው ሰው የላትም።

ጡረታዋ ሲቃረብ አዲስ ርዕሰ መምህር መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። «እትዬ፣ ወላጅ እኔን የሚጠይቀኝ የሒሳብ ውጤት ነው» አላት አንገቱን እያሻሸ። የሙዚቃው ክፍል የተሰባበሩ ዴስኮች መከማቻ ሆነ። እሷ ቤተ መጻሕፍት ተመድባ አቧራ ስታራግፍ ቆየችና ተሰናበተች።

ዓመታት አለፉ። አንድ ከሰዓት በኋላ አከራይዋ የልጅ ልጇ ከሚማርበት ከዚያው ትምህርት ቤት፣ ከወላጆች ስብሰባ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ዛሬ ስላንቺ ሲወራ ዋለ» አለች። «አንዲት ጠበቃ ተነሳች። እየተናገረች መሃል ላይ ቆም ትላለች፤ የረሳች መስሎኝ ነበር። ከዚያ እግሯን መታ ታደርግና ትቀጥላለች። ‹ዘፋኝ አልሆንኩም፤ ዛሬ ችሎት ላይ ቆሜ የምከራከርበትን ድምፅ ያገኘሁት ግን ቲቸር ትንፋሽ የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ነው፤ ለልጆቻችንም ይከፈትላቸው› አለች። ድምፅ ሲሰጥ ርዕሰ መምህሩ ሳይቀር እጁን አወጣ። ሊከፈት ነው።»

ቲቸር ትንፋሽ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ስለ እኔ ጠየቀች?»

አከራይዋ አመነታች። «የሞትሽ ነው የመሰላት። ‹ነፍሳቸውን ይማር› አለች። ‹ኧረ በሕይወት አለች፣ እኔ ቤት ናት› ልላት ስከተላት መኪናዋን አስነስታ ሄደች። ላፈላልጋት?»

«ተዪያት። ሥራ ይበዛባታል» አለች ቲቸር ትንፋሽ። እንድትተዋት ፈልጋ ግን አልነበረም።

ክፍሉ በተከፈተ ሰሞን ልብሷን ቀያይራ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። ውስጥ አንድ ወጣት አስተማሪ ልጆቹን ያዘፍናል። በር ላይ የቆመች ልጅ «ማንን ፈልገው ነው፣ እትዬ?» አለቻት።

«ማንንም፣ የኔ ልጅ። ሳልፍ ሰምቼ ነው።»

ልጅቷ ገባች። ቲቸር ትንፋሽ ከመስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ልጆቹ ገና ናቸው፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። እስኪወጡ ድረስ አልተነሳችም። ሲወጡ በአጠገቧ እየተጋፉ አለፉ፣ ዞር ብሎ ያያት የለም። አንዲቱ ብቻ ዜማውን ለራሷ እያንጎራጎረች ወደ ዋናው በር አመራች። ቲቸር ትንፋሽ ተነሳችና መንገዱ እስኪለያያቸው ድረስ ከኋላዋ ቀስ እያለች ሄደች።