ከሃዎ በርጩማ ሲታይ

ዘርዓብሩክ የከዚራ ሰፈር ልጅ ነው፤ በር ሲገባ አንገቱን ደፋ የሚያደርግ ረጅም ሰው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የድሬዳዋን ግድግዳ ሲሥል ኖሯል። "ሌላው ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ እኔ ግድግዳውን እከፍተዋለሁ" ይላል፤ ትሕትና አልፈጠረበትም። እውነቱን ለመናገር፣ እሱ የሣለው መንገድ እየጠበበ ሲርቅ አይቶ ባጃጁን ያቀዘቀዘ ሾፌር አለ።

ባለፈው ዓመት መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጠው ሃዎ አስጠራችው። ባሏ ሃሺ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። የተረፈው ፎቶ የመንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው ብቻ ነው።

"ከመኪናው ጋር ሣልልኝ። እዚህ ሱቄ ውስጥ፣ ከፊቴ ባለው ግድግዳ ላይ" አለችው።

አራት ቀን ሠራ። መኪናው ተነስቶ የሚሄድ መሰለ፤ ጎረቤቱ ሁሉ አደነቀ። ሃዎ ግን፣

"ሃሺ እንዲህ አጭር አልነበረም" አለች።

ዘርዓብሩክ ሜትሩን አወጣ፤ ጎማውን ለካ፣ ሰውየውን ለካ፣ መጠኑ ትክክል መሆኑን አስረዳት።

"አቦ፣ ባሌን በሜትር አይደለም የማውቀው። ነገ ኖራ አስቀባዋለሁ። ሌላ ሰው ፊቴ ቆሞ እያየሁ መዋል አልችልም።"

እንቅልፍ ነሳው። በማግሥቱ ቀለም ቀቢው ሳይመጣ ሊለምናት ሄደ። እሷ ግን የቀትሩ የዙሁር ሰላት ደርሶባት ነበርና ሱቁን ጠብቅልኝ ብላው ወጣች።

ደክሞት በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ። ከጨርቅ ጥቅሎቹ መሐል፣ ከመሬት ስንዝር ከፍ ባለች በርጩማ ላይ፣ ሃዎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። ቀና ብሎ ሥዕሉን አየ። የመኪናው ጣሪያ ይታያል፤ የሃሺ አናት ይታያል። እንዲህ የሚያየው ቆሞ የሚያይ ረጅም ሰው ነው፤ ማለትም ዘርዓብሩክ ራሱ። ሃዎ ግን ከመንገድ የተመለሰ ባሏን ያየችው ሁልጊዜ ከዚህ፣ ከታች ሆና ነው። አፈረ። ግድግዳው የተከፈተው ለእሱ ቁመት ብቻ ነበር።

ስትመለስ ሦስት ቀን እንድትታገሠው ለመናት። የአድማሱን መሥመር እዚያው ተቀምጦ እስከ ዓይኑ ድረስ አወረደው። መንገዱ ቀጠነ፣ ጎማው ገዘፈ፣ የሃሺ አገጭ ከሥር ታየ፣ ኮፍያው ኮርኒሱ ሥር ደረሰ። ቆመው የሚያዩት አላፊ አግዳሚዎች "ዘርዓ፣ እጅህን ምን ነካው?" እያሉ ሳቁበት። ያ ጉረኛ ከበርጩማው ሳይነሳ መሣሉን ቀጠለ።

በሦስተኛው ቀን ሃዎ ገብታ ተቀመጠች፤ ቀና አለች። ከዚያ ከጎኗ ያለውን የጨርቅ ጥቅል አነሳችና አንድ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ አበጀች።

በሶማሊኛ "ቆየህ" አለች። ለዘርዓብሩክ አልነበረም።