ሰባተኛው ቀን ሳይደርስ

መጀመሪያ የደነዘዘችው የቀኝ እግሬ ትንሿ ጣት ናት። እግሬ በታሰረ በማግስቱ ማለዳ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

ለምን ዝም እንዳልኩ ለመረዳት ሥራዬን ማወቅ ያስፈልጋል። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ፋብሪካ ቡድን ስምንት ዓመት በስቶፐርነት ተጫውቻለሁ። ጎል አግብቼ አላውቅም፤ እንጀራዬ አጥቂ አለማሳለፍ ነበር። አንድ ጊዜ በክርን ተመትቼ ጥርሴ ሲወልቅ እንኳ ደሙን ዋጥ አድርጌ ጨዋታውን ጨርሻለሁ። «የመንዙ ግንብ» ሲሉኝ ደረቴ ይነፋ ነበር። ግንብ ደግሞ አመመኝ አይልም።

ለፋሲካ መንዝ፣ ሞላሌ፣ እናቴ ዘንድ መጥቼ፣ ከገበያው ዳር ባለው ሜዳ ከመሐል ሜዳ ከተማ ልጆች ጋር ስንጫወት ቅልጥሜ ተሰበረ። የክርስትና አባቴ አያ ደምሴ ስመ ጥር ወጌሻ ናቸው። ወዲያው አጥንቱን ገጥመው፣ በቀርከሃ ስንጥር ከጉልበቴ እስከ ጣቶቼ ሥር ጠፍረው አሰሩት። በሰባተኛው ቀን ራሳቸው መጥተው እስኪፈቱት ማንም እንዳይነካው አዘዙ። የወጌሻን እስር ያለ ፈቃዱ መፍታት እጁን መናቅ ነው፤ ያውም የክርስትና አባትን እጅ።

ሁለተኛውን ቀን እግሬ እንደ እሳት ሲለበልበኝ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ተወኝ። ዳንኩ ብዬ ተደሰትኩ።

ያን ዕለት እናቴ እግሬን ልታጥበኝ ውሃ አሙቃ መጣች። ግራውን አጥባ ስትጨርስ ከእስሩ የወጡትን የቀኝ ጣቶቼን በሙቁ ውሃ ዳበሰች።

«አቃጠለህ እንዴ?» አለችኝ።

የቱ ውሃ አልኳት። እጇ ቆመ። ጣቶቼ ጠቁረዋል። ቀዝቅዘዋል። እናቴ ስትነካኝ አይሰማኝም።

ጎረቤት ልካ የጤና ጣቢያውን ነርስ ሲስተር እልፍነሽን አስጠራች። ሲስተር መቀስ ስታወጣ እጇን ያዝኩ፤ አያ ደምሴ ይምጡና ይፍቱት አልኩ። ያምህ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ትናንት ነበር፣ ዛሬ ትቶኛል አልኳት።

«የተወህ ሕመሙ አይደለም፣ እግርህ ነው» አለች።

እጇን ለቀቅኩ። እስሩን ቆረጠችው።

በጭነት መኪና ጋቢና ተጋድሜ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ደረስኩ። ሐኪሙ እግሬን አየ። «ጋንግሪን ጀምሯል፤ ሥጋው እየሞተ ነው» አለ። «ጣቶች እናጣለን። እግሩን ለማትረፍ እንሞክራለን።»

ሁለት ጣት ተቆረጠ። እግሬ ተረፈ።

በሳምንቱ ከእንቅልፌ ስነቃ አያ ደምሴ መጥተው፣ ካልጋዬ ግርጌ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። ይቅር በለኝ አሉ፤ እኔም ሕመሜን ደብቄዎታለሁና ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ሐኪሙ፣ እግዜር ይስጠው፣ በነገር አልወጋቸውም። እግሬ አብጦ እስሩ የጠበቀው ከታሰረ በኋላ ስለሆነ እስሩ በየጊዜው መታየት እንደነበረበት አስረድቷቸው፣ ጥፍር ተጭኖ ሲለቀቅ ደም መመለሱን እንዴት እንደሚያዩ አሳያቸው። አያ ደምሴም በጤነኛው እግሬ ላይ ሲለማመዱ ጥፍሮቼን ሊነቅሉብኝ ደርሰው ነበር።

ሆስፒታል የተደረገልኝ ጀሶ ከወጣልኝ በኋላ በምርኩዝ፣ ቀጥሎም በእናቴ ትከሻ ተደግፌ መራመድ ጀመርኩና፣ በዓመት ከመንፈቄ ወደ ቡድኔ ተመልሼ፣ ዝግ ብዬም ቢሆን፣ ሁለት ዓመት ተጫወትኩ። በመጀመሪያው ጨዋታ አንዱ ሲመታኝ እጄን አንሥቼ አመመኝ አልኩ። ጓደኞቼ የምሞት መስሏቸው ሮጠው ከበቡኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

እናቴን፣ ሲስተር እልፍነሽንና ያንን ሐኪም ሳላመሰግን የዋልኩበት ቀን የለም። እናንተም እግራችሁ ታስሮ ከሆነ ጣቶቻችሁን እዩ። ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ቀን አትቁጠሩ፤ የማንንም ፊት አትፍሩ፤ ተናገሩ።

አያ ደምሴ እስኪሞቱ ድረስ ያሰሩትን ሰው ጧትና ማታ እየሄዱ ጣቱን ሳያዩ አላደሩም። ሰው ጥርሱን ነክሶ ዝም ሲላቸው ይቆጡ ነበር።

«ካመመህ ንገረኝ» ይሉታል። «ልጄ ዝም ብሎኝ ሁለት ጣት አጥተናል።»