ያልተሰረዘው ሩጫ

ሩጫ መሰረዝ ካለበት፣ መሰረዝ ያለበት ሯጮቹ ሰውነታቸውን ሳያሟሙቁ ነው። የሞቀ ሰውነት ዝናብ ላይ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ጡንቻ ይይዛል፤ ነጎድጓድ ሲሰማ ደግሞ ሜዳ ላይ ሰው መቆም የለበትም። ስለዚህ የሚወስነው አንድ ሰው ይሁን፣ ቢሰረዝ በምትኩ የሚሮጥበት ቀንም ከወዲሁ ይታወቅ ብዬ ለሩጫ ክበባችን ኮሚቴ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ኮሚቴው የተከራከረው ግን ሐሳቤ ውስጥ ባለው «መጥፎ የአየር ጠባይ» በሚለው ሐረግ ላይ ብቻ ነው።

«ዝናብን ነው መጥፎ የምትይው? በግንቦት?» አሉኝ ሰብሳቢያችን፣ ርእሰ መምህሩ። «ገበሬው ሰማይ ሰማይ እያየ!»

ነገሩ በዚያው ቀረ።

ክበባችን የዞኑን ሯጮች የሚመርጥበት ቅዳሜ ደረሰ። የቡሬ ልጆች በሚኒባስ ከተማችን ፍኖተ ሰላም ገቡ። በቋሪት መንገድ ካለ ገጠር ደግሞ አንዲት ልጅ ከአባቷ ጋር በእግሯ መጣች። ልምምድ ላይ አይቻታለሁ፤ የሚደርስባት አልነበረም። ለከርሞ የዕድሜ ገደቡ ስለሚያልፋት ያለቻት ዕድል ይቺው ነበረች።

ልጆቹ ማሟሟቅ እንደ ጀመሩ ከቡሬ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ዶፉን ለቀቀው። ሁላችንም ሸራ ሥር ገባን።

«ይሰረዝና ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይሩጡ» አልኩ።

«ያባራል» አሉ ሰብሳቢው።

«ካላባራስ?»

«ትንሽ እንየው እስቲ። የስፖርቱ ባለሙያ እሱ ነው፣ እሱን ጠይቂው።»

አጠገባቸው የቆመውን የትምህርት ቤታችንን አንጋፋ የስፖርት መምህር ጠየቅሁት። «እኔ ፊሽካ ነፊ ነኝ፤ ንፋ ሲሉኝ እነፋለሁ» አለና ሳቀብኝ። «አንቺ ደግሞ ለሰማዩም መተዳደሪያ ደንብ አውጪለት!»

መብረቁ ይጮኻል፣ ልጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ «በዝናብ ምክንያት ተሰርዟል» የሚለውን ቃል ግን ከአፉ የሚያወጣ ጠፋ።

በዚህ መሃል የልጅቱ አባት ላስቲክ ተከናንበው ቀረቡኝ። «መምህርት፣ እንግዲህ ካልተቀየማችሁን እኛ እንሂድ። ወንዙ ከሞላ ዛሬ ቤት መግባት የለም።»

«አባባ፣ እርስዎም እሷም እኔ ቤት ይደሩ።»

«እግዜር ይስጥልን። እናቷ ወንዝ ዳር ቆማ ስታይ ታድራለች፤ እንዴት አድርጌ?»

ልጅቱ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ቲቸር፣ ተሰርዟል? ከተሰረዘ ነገ እመጣለሁ።»

ሰብሳቢውን አየኋቸው። እሳቸው ሰማዩን ያያሉ።

«ገና አልታወቀም» አልኳት። አንገቷን ደፍታ አባቷን ተከተለች።

እነሱ ከሄዱ ብዙም ሳይቆይ አባራ። ፀሐይ ወጣች፣ ፊሽካው ተነፋ፣ በጭቃው ተሮጠ። አንዲት የከተማ ልጅ አሸነፈች፤ እሷ ምንም ጥፋት የለባትም።

«የሄደችው ልጅ ነገ ለብቻዋ ትሩጥና ሰዓቷ ይያዝላት» ብዬ ሰብሳቢውን ለመንኩ።

«ተሰርዞ ቢሆን እሺ ነበር» አሉኝ በትዕግሥት፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። «ይሄ ግን ተካሂዷል። ትታ የሄደችው እሷ ናት።»

«ማን ቁርጡን ነገራት?»

«በይ እንግዲህ፣ ሰው ሳይሰማን» ብለው ወደ ሽልማቱ ሄዱ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ወደ ሜዳው ወጣሁ፤ መጥታ ነበር። ወንዙ ጎድሎላት፣ ብቻዋን ሰውነቷን እያሟሟቀች አገኘኋት። ስታየኝ ፊቷ በራ። አስቀምጬ የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ነገርኳት።

«እሺ» አለች ስጨርስ። «እንደማትሰርዙትስ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አልወሰንንም ነበር» አልኳት።