ግርግሙ ውስጥ ጡት ያልጣሉት

ቨርና ክቫሜ ደግነቷን ለሰው የምታሳይ ሴት አይደለችም። ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጓንቴን ረስቼ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ስመለስ ግን፣ ይቺ የስልሳ ስምንት ዓመት የጽዳት ሠራተኛችን ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ፣ በትንሿ ጣቷ ጫፍ የላመ ዓሣ ለድመት ግልገል ስታስልስ ደረስኩባት።

«ለማንም ብታወራ በመጥረጊያው ነው የማገኝህ» አለችኝ።

ግልገሎቹ አራት ናቸው። እናታቸውን ቨርና «ጳጳሷ» ትላታለች፤ ከሁሉ በላይ ተቀምጣ ሥራ ስለማትሠራ። የወለደችው ከአምስት ሳምንት በፊት፣ ለገና ትርኢት በተቀመጠው ግርግም ውስጥ ነው።

ግርግሙን በእጁ የሠራው የምእመናኑ ጉባኤ ሰብሳቢ ኦርሊን ብሬኪ ነው። ትርኢቱ የፊታችን እሑድ ስለሆነ ድመቶቹ ወደ እሱ ከብቶች በረት ይሂዱ አለ። የአሜሪካዋ ሰሜን ዳኮታ ብርድ ደግሞ የሚቀለድበት አይደለም። ቨርና ጡት ሳይጥሉ የትም አይሄዱም ብላ ድርቅ አለች። ሲነዘንዛት ጊዜ፣ «እንግዲያው ትርኢቱ ላይ ቦታ የለም የሚለውን የእንግዶች ማረፊያ ባለቤት አንተ ሁን፤ ልምምድ አያስፈልግህም» አለችው።

ጡት ማስጣሉ እንደሆነ ተጀምሯል። ግልገሎቹ ጥርስ አብቅለው ሲነክሷት ጳጳሷ በመሃል ጥላቸው ትነሳለች፤ ቨርና እንደምትለው፣ ስብከት እንደረዘመበት ሰው። መደርደሪያ ላይ ወጥታ፣ እነሱ ከታች ሲጮኹ ጀርባዋን ትሰጣቸዋለች። አንድ ቀን የሞተች አይጥ አምጥታ ፊታቸው ጣለች። ምሳ ማለቷ ነው።

ኦርሊን ነገሩን ሊያፋጥን አሰበ። ዕድሜውን ሙሉ ላም ሲያልብ የኖረ ሰው፣ ወተት የማይፈታው ችግር ያለ አይመስለውም። ማክሰኞ ማንም ሳያየው ትኩስ የላም ወተት በሳህን ሞልቶ ግርግሙ ውስጥ አስቀምጦላቸው ሄደ። ረቡዕ እኔም ጓንት ረሳሁ ብዬ ዳግም ስመጣ፣ ግርግሙ የጌታ መኝታ አይመስልም ነበር። አራቱም በተቅማጥ ተዝለፍልፈዋል። ቨርና አፍንጫዋን ይዛ ገለባውን ትጠርጋለች፤ ኦርሊን ደጁ ላይ ኮፍያውን ያሽከረክራል።

«ወተት እኮ ነው» አለ።

«ለጥጃ ነዋ፣ ኦርሊን።»

ግልገሎቹ ዓሣውንም አንልስም ብለዋል። የቀራቸው የእናታቸው ጡት ብቻ ነበር፤ እናትየዋ ደግሞ ከመደርደሪያው አልወርድም አለች። ትንሿ ግልገል መጮኹን ትታለች። እኔ በልቤ ጸለይኩ። ቨርና ግን ቀና ብላ፣ «ውረጂ፤ ጳጳስም አንዳንዴ ይሠራል» አለቻት።

ድመቷ ቁልቁል አየቻቸው። ከዚያ ወርዳ፣ እያጉረመረመች በጎኗ ተጋደመች። ቨርና ትንሿን አንስታ ጡቱ ላይ ስታስጠጋት ያዘች፤ ሦስቱም ተከተሉ። እግዚአብሔር ይመስገን። ኦርሊን ዓይኑን በኮፍያው ጠረገና ብርዱ ነው አለ።

እዚህ አገር ሰው ውለታ አይጠይቅም። ቨርናም በማውቃት ሠላሳ ዓመት ከጎረቤት ጨው እንኳ ተበድራ አታውቅም። ዛሬ ግን ስለ አየሩ፣ ስለ ጣራው በረዶ፣ ከዚያ እንደገና ስለ አየሩ አወራችኝና መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደገፈች።

«ገና አሥር ቀን ያህል ይጠባሉ» አለች። «አንተ መዶሻ መያዝ ታውቅበት የለ? እስከ እሑድ ሌላ ግርግም ትሠራልኛለህ? የሕፃኑን አሻንጉሊት ከያዘ ይበቃል። ብቻ ከኦርሊን አሳምረህ እንዳትሠራው።»